ሳይጠሩት አቤት የሚል ረዳት
በኮምፒዩተር ውስጥ ተገጥመው ስለሚመጡና ለንግድ ጽሕፈት ስለማይመቹ መሣሪያዎች

ከአንድ የአስመጪ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ



ነጋዴ በሚገዛውና በሚሸጠው ዕቃ ላይ እጅግ ይጠነቀቃል፤ ጆንያውን ያስመዝናል፣ ካርቶኑን ያስቆጥራል፣ ናሙናውን አስቀርቦ ያያል። ስለ ዕቃው የሚጻፈው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ለጸሐፊውና ለሒሳብ ሠራተኛው የተተወ ነው። ቀድሞ በጽሕፈት መኪና ይሠራ በነበረበት ዘመን መኪናይቱ የተመታውን ፊደል ብቻ ታትም ስለ ነበር፣ ስሕተት ቢገኝ ጠያቂውም ተጠያቂውም የታወቀ ነበረ። ዛሬ ግን በጸሐፊውና በወረቀቱ መካከል ሳይቀጠር የገባ ሦስተኛ ሠራተኛ አለ። ይህ ሠራተኛ በኮምፒዩተሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣው «ረዳት» ነው፤ የጻፍነውን ያርማል፣ ያልጻፍነውን ይሞላል፣ ያላዘዝነውን ያስቀምጣል፣ ሥራ ላይ ሳለንም ይጠራናል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ረዳት የተነገረ ይመስላል።

የመሣሪያዎቹ ሠሪዎች ሥራ ለማቅለል አስበው እንዳደረጉት አይካድም። ነገር ግን ያሰቡት ለአጠቃላይ ጸሐፊ እንጂ ለንግድ ወረቀት አይደለም። የንግድ ወረቀት ደግሞ በአንድ አሃዝ መለወጥ ገንዘብ የሚያስቀር ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የሚሠራበት የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ፣ በቁጥር 600 የሚታወቀው፣ በአንቀጽ 14 እንደሚያዝዘው ባንኩ የቀረቡለትን ሰነዶች ቢበዛ በአምስት የባንክ የሥራ ቀን ውስጥ መርምሮ ይቀበላል ወይም ይመልሳል፤ በሰነዶቹ ውስጥ ያለው ቃልም እርስ በርሱ መጋጨት የለበትም። ይኸው ምክር ቤት ለሰነድ መርማሪዎች ባወጣው የአሠራር መመሪያ እንደ ተገለጸው፣ ትርጉም የማይለውጥ የፊደል ግድፈት ሰነድ አያስመልስም፤ «ሞዴል 321» በማለት ፈንታ «ሞዴል 123» ተብሎ ቢጻፍ ግን ልዩነት ተብሎ ይያዛል። እንግዲህ ከፊደሉ ይልቅ ቁጥሩን መጠበቅ እንደሚገባ ከዚህ እንረዳለን፤ ረዳቱም ይልቁን የሚደፍረው ቁጥሩን ነው።

ስለ ኤክሴል ሰንጠረዥ

ኤክሴል የተባለው የሰንጠረዥ ፕሮግራም በሳጥኑ ውስጥ የሚጻፍለትን ሁሉ ሊደመር ወይም ሊቀነስ የመጣ ቁጥር ነው ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ በፊት ያለው ዜሮ ዋጋ የለውም ብሎ ይጥለዋል። በንግድ ሥራ ግን በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ብዙ ነው፤ የስልክ ቁጥር በዜሮ ይጀምራል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ኤች. ኤስ. ኮድ የሚባለው የጉምሩክ የሸቀጥ መለያ ነው። ያልተቆላና ካፌይኑ ያልወጣ ቡና መለያው 090111 ነው። ይህ ቁጥር በኤክሴል ላይ ሲጻፍ 90111 ይሆናል። የመለያው የመጀመሪያ አራት አሃዞች የሸቀጡን ክፍል የሚያመለክቱ ስለ ሆነ 9011 ተብሎ ቢነበብ ደግሞ የማይክሮስኮፕ ክፍል ነው። ላኪው ቡናውን ሲጭን ሰንጠረዡ ማይክሮስኮፕ ጫነ ማለት ነው። አበባ፣ አትክልት፣ ማር፣ ሥጋና የቁም ከብት ሁሉ ከምዕራፍ 1 እስከ ምዕራፍ 9 ባለው ውስጥ ስለሚገኙ፣ የአገራችን ላኪ ከሌላው ይልቅ በዚህ ነገር ይጎዳል።

ሁለተኛው ችግር የረዥም ቁጥር ነው። ኤክሴል ከአሥራ አምስት አሃዝ በላይ በትክክል አይዝም፤ አሥራ ስድስት አሃዝ ያለው የካርድ ቁጥር ቢጻፍለት የመጨረሻውን አሃዝ ወደ ዜሮ ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም ተመልሶ አይገኝም። አሥራ ሦስት አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ደግሞ ባይጠፋም «ኢ» በሚባለው የላቲን ፊደል አሳጥሮ ያሳየዋል። በዚያው መልክ ሲ. ኤስ. ቪ. በተባለው የፋይል ዓይነት ቢቀመጥ ግን የቀረው አሃዝ በእርግጥ ይጠፋል፤ ፋይሉ ለደመወዝ ወይም ለክፍያ ወደ ባንክ የሚላክ ከሆነ የሚያስከትለውን መገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛው ክፍልፋይን ቀን አድርጎ መቁጠሩ ነው። የግማሽ ኢንች ቧንቧ 1/2፣ የሦስት ሩብ ደግሞ 3/4 ተብሎ እንደሚጻፍ የቧንቧ ዕቃ ሻጭ ሁሉ ያውቃል። ኤክሴል ግን 1/2ን በአሜሪካ አቆጣጠር ጃንዋሪ 2፣ በእንግሊዝ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1 ያደርገዋል። ወደ መሥሪያ ቤታችን ከመጡት የዋጋ ዝርዝሮች መካከል የመጠኑ ዐምድ ከላይ እስከ ታች የወር ስም የሞላበት አይቻለሁ፤ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ክፍል ሳያስተውለው ልኮት ነበር፤ ትክክለኛው መጠን እስኪጠየቅና መልስ እስኪመጣ ድረስ ትእዛዙ ዘገየ።

ይህ ነገር በነጋዴ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በሳይንስ ዓለም የወር ስም የሚመስል አጠራር ያላቸው የሰው ጂኖች በኤክሴል ሰንጠረዥ ውስጥ ወደ ቀን እየተለወጡ ምርምርን ስላበላሹ፣ የጂን ስያሜ የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የጂኖቹን ስም ለመለወጥ ተገድዷል። ሊቃውንት ለመሣሪያው ጠባይ ሲሉ ስም ከለወጡ፣ ነጋዴ መጠንቀቁ አያስነቅፍም።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ማይክሮሶፍት በ2023 እ.ኤ.አ. በአዲሱ የኤክሴል እትም ላይ የጨመረው መዝጊያ ነው። «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ዳታ» የሚለውን ሲከፍቱ «አውቶማቲክ ዳታ ኮንቨርሽን» የሚል ክፍል ይገኛል፤ በፊት ያለውን ዜሮ መጣልን፣ ረዥሙን ቁጥር ማሳጠርን፣ «ኢ» ያለበትን ኮድ ወደ ቁጥር መለወጥን፣ ፊደልና ቁጥር የተያያዙበትን ወደ ቀን መለወጥን በየፊናው የሚፈቅዱትን ምልክቶች ማንሣት ነው። ይህ መዝጊያ ግን ለ1/2 እና ለ3/4 አያገለግልም፤ በአሮጌው እትም ላይም አይገኝም።

ሁለተኛው መፍትሔ በማናቸውም እትም የሚሠራ ነው። ከመጻፍ በፊት ዐምዱን መርጦ «ፎርማት ሴልስ» ከሚለው ውስጥ «ቴክስት» ማድረግ፣ ወይም ለአንድ ሳጥን ብቻ ከሆነ ከቁጥሩ በፊት አንድ ነጠላ ጥቅስ ማስቀደም ነው። ከመጻፍ በፊት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዜሮው ከወደቀ በኋላ ዐምዱን «ቴክስት» ማድረግ የወደቀውን አይመልስም። የትኛው ዐምድ ቁጥር፣ የትኛው ጽሑፍ ይሁን ለሚል ጠያቂ ደንቡ አጭር ነው፤ የሚደመር ቁጥር ይሁን፤ የማይደመር ጽሑፍ ይሁን። የስልክ ቁጥርን ከስልክ ቁጥር ጋር የሚደምር ነጋዴ የለም።

ከባንክ ወይም ከሌላ ድርጅት የሚመጣ የሲ. ኤስ. ቪ. ፋይልም ሁለት ጊዜ ጠቅ ተደርጎ ባይከፈት ይሻላል፤ ሲከፈት ይለወጣልና። በዚህ ፈንታ ባዶ ሰንጠረዥ ከፍቶ «ዳታ» ከሚለው «ፍሮም ቴክስት ሲ. ኤስ. ቪ.» በሚለው በኩል ማስገባትና የዳታውን ዓይነት ራሱ እንዳይገምት መከልከል ይገባል።

ስለ ኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር

የእኛ አቆጣጠር በዚህ ፕሮግራም ዘንድ የታወቀ አይደለም። ጸሐፊው የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማለት 5/6/2017 ብሎ ቢጽፍ ኤክሴል እንደ ፈረንጅ ቀን ይቀበለዋል፤ አቆጣጠሩ የአሜሪካ ከሆነ ሜይ 6፣ የእንግሊዝ ከሆነ ጁን 5 ቀን 2017 ያደርገዋል። እውነተኛው ቀን በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025 ስለ ሆነ፣ የዱቤ ቀነ ገደብ በዚህ ሰንጠረዥ ቢሰላ ዕዳው ገና ሳይደርስ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈበት ሆኖ ይገኛል። ጥቅምት 30 ቀንን 30/2/2017 ብሎ የጻፈ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ፕሮግራሙ ቀን ማድረጉን ትቶ እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። በአንድ ዐምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን ከፊሉ ጽሑፍ ሲሆን በቅደም ተከተል ማስተካከል አይቻልም። ይህን ለማወቅ የሚረዳ ምልክት አለ፤ ቀን የሆነው ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ ተጠግቶ ይቆማል።

ስለዚህ የኢትዮጵያን ቀን «ቴክስት» በተደረገ ዐምድ ላይ የወሩን ስም በፊደል ጽፎ ማስቀመጥ፣ ስሌት የሚያስፈልግ ከሆነም የፈረንጁን ቀን በሌላ ዐምድ ለብቻው መያዝ የተሻለ ነው። የቢሮው ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ዓይነት የፈረንጅ አጻጻፍ እንዲሠሩ ደግሞ በዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» በሚለው ሥር ያለውን የአገር አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ደብዳቤና ስለ ውል

ዎርድ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ውስጥ አራሚው «አውቶኮሬክት» ይባላል። ውል የሚያረቅቅ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ አንቀጾቹን በቅንፍ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ሲዘረዝር፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ በቅንፍ ያለው የሲ ፊደል ወደ ቅጂ መብት ምልክት ይለወጥበታል። ሦስት ሰረዝ አድርጎ አዲስ መስመር ለመጀመር ቢፈልግም ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ መስመር ይሠራለታል፤ ይህንንም እንደ ፊደል ለማጥፋት ቢሞክር እሺ አይለውም። ቁጥር አስቀድሞ የጻፈውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ራሱ የሚቈጥር ዝርዝር ያደርገዋል፤ ከመካከል አንዱ አንቀጽ ቢሰረዝ የቀሩት ቁጥራቸውን ይለውጣሉ፤ «በአንቀጽ 7 እንደ ተመለከተው» ተብሎ በእጅ የተጻፈው ግን አብሮ አይለወጥም። ከውል ክርክር አንዳንዱ የሚነሣው ከእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ለጊዜው የተለወጠውን ወዲያው ለመመለስ «ኮንትሮል» እና «ዜድ» አንድ ጊዜ አብሮ መምታት ይበቃል። ለዘወትር ግን «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ «አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ብሎ መግባት ነው። በዚያ ካለው ዝርዝር የቅጂ መብቱን መስመር ብቻ መርጦ መሰረዝ ይቻላል፤ ይህ ዝርዝር ለኤክሴልም የጋራ ስለ ሆነ በአንዱ የተሰረዘው በሌላውም ይሰረዛል። ቀጥሎ ባለው «አውቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ» በሚለው ገጽ ደግሞ ራሱን የሚቈጥረውን ዝርዝርና የመስመሩን ምልክት ማንሣት ነው።

ስለ ስምና ስለ አድራሻ

ኤክሴል በአንድ ዐምድ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈውን ቃል እያስታወሰ ጅምሩን ይሞላል። የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ባለ ሱቅ የደንበኛውን ስም ብቻ ጽፎ «ኢንተር» ቢመታ፣ ቀድሞ በዚያ ስም ከተመዘገበ ሌላ ሰው የአባት ስም ጋር አያይዞ ሊያስገባው ይችላል። ያልወሰደው ሰው ባለ ዕዳ ሲሆን የወሰደው ነጻ ይወጣል። ይህን ለመከልከል «ኦፕሽንስ» ውስጥ «አድቫንስድ» ከሚለው ሥር «አውቶኮምፕሊት» የሚለውን መዝጋት ነው።

አውትሉክ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ያለው ተመሳሳይ መሣሪያ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጉዳት ያመጣል። የተቀባዩ ስም ሁለት ፊደል ሲጻፍ አድራሻውን ራሱ ያቀርባል፤ ለአንዱ ደንበኛ የተዘጋጀ ዋጋ ለተወዳዳሪው የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። «ኦፕሽንስ»፣ «ሜይል» ውስጥ «አውቶ ኮምፕሊት ሊስት» የሚለውን መዝጋት፣ ወይም ቢያንስ ዝርዝሩን በየጊዜው ማጽዳት ይጠቅማል። በጂሜይል የሚጽፉም ዐረፍተ ነገር እየጨረሰ የሚያቀርበውን «ስማርት ኮምፖዝ» በ«ሴቲንግስ» ውስጥ ሊዘጉት ይችላሉ፤ በዚያው ገጽ ያለውን የተላከ ደብዳቤ መመለሻ ጊዜ ግን ከአምስት ሰከንድ ወደ ሠላሳ ሰከንድ ከፍ ማድረግ መልካም ነው።

በስልክ የሚጻፉ መልእክቶችም አይረሱ። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲለወጥበት ዕለት ዕለት ያያል። በአይፎን «ሴቲንግስ»፣ «ጄኔራል»፣ «ኪቦርድ» ውስጥ «አውቶ ኮሬክሽን» ይዘጋል፤ በአንድሮይድም በኪቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ተመሳሳዩ ይገኛል።

ስለ ፋይል አቀማመጥና ስለ ጥሪ

ብዙ መሥሪያ ቤት የአምናውን ፕሮፎርማ ከፍቶ ቀኑንና ዋጋውን በመለወጥ አዲስ ያዘጋጃል። ፋይሉ ዋንድራይቭ በተባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ከሆነ «አውቶሴቭ» የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ለውጥ በዚያው በአሮጌው ላይ ያስቀምጣል፤ የአምናው ፕሮፎርማ የዘንድሮ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ፊደል ከመለወጥ በፊት «ሴቭ ኤ ኮፒ» ብሎ ቅጂ ማውጣት፣ ወይም በገጹ ራስጌ ያለውን «አውቶሴቭ» መዝጋት ያሻል።

ዋንድራይቭ ራሱ የዴስክቶፕንና የዶክመንት ማኅደሮችን ወደ ኢንተርኔት ሊያወጣ ይችላል። በነጻ የሚሰጠው ቦታ አምስት ጊጋባይት ብቻ ነው፤ በጥቅል የሚገዛውን ዳታም ይበላል። የማይፈለግ ከሆነ በዋንድራይቭ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ማኔጅ ባክአፕ» ከሚለው ይቆማል። ከመዝጋት በፊት ግን ፋይሎቹ በኮምፒዩተሩ ላይ በሙሉ መኖራቸውንና ሌላ ቅጂ መኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

በገጹ ጥግ ብቅ እያለ የሚጠራውን መልእክት በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ውስጥ ለየፕሮግራሙ መዝጋት ይቻላል፤ ረዥም ዝርዝር በሚቈጠርበት ሰዓት «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለው ብቻ ይበቃል። ኮፓይለት የሚባለው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፍ ረዳትም ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በብዙ አገሮች በግል ደንበኞች የዎርድና የኤክሴል ጥቅል ውስጥ ገብቷል። የማይፈልገው «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኮፓይለት» ከሚለው ምልክቱን ያንሣ፤ ይህንንም በየፕሮግራሙና በየኮምፒዩተሩ ለየብቻ ማድረግ አለበት።

ያልተፈለገ ረዳት ዘወትር እንደማይኖር ታሪክ ይመሰክራል። ኦፊስ 97 በተባለው እትም ውስጥ የወረቀት መያዣ መልክ ያለው ረዳት ገብቶ ነበር፤ ተጠቃሚዎች ስለ ተማረሩበት በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ተዘግቶ መጣ፤ በኦፊስ 2007 ደግሞ ፈጽሞ ቀረ።

ሊዘጉ የማይገባቸው

ይህን ያነበበ ሁሉ በቍጣ ተነሥቶ ሁሉን እንዳይዘጋ አደራ እላለሁ። መለየት የሚገባው የሚመክረውን ከሚለውጠው ነው። ከተሳሳተው ቃል ሥር ቀይ መስመር የሚያሰምረው ይመክራል እንጂ አይለውጥም፤ ይቆይ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠውን ሥራ የሚያድነው «አውቶሪከቨር» ይቆይ፤ እንዲያውም በየአሥር ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ወይም በየሦስት ደቂቃ እንዲሆን «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ውስጥ ይስተካከል። የዊንዶውስ የደኅንነት ማሻሻያና የቫይረስ መከላከያም ሥራ ያዘገያሉ ተብለው አይነኩ፤ ማሻሻያው ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲሆን ሰዓት መመደብ ይቻላል።

በመጨረሻም፣ ይህ ሥራ ለአንድ ጸሐፊ ፈቃድ የሚተው አይደለም። አንዱ ኮምፒዩተር ዜሮውን ሲጥል ሌላው ቢያቆየው ሁለቱ ሰንጠረዦች አይገናኙም። ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ አንድ ከሰዓት በኋላ መድቦ የቢሮውን ኮምፒዩተሮች በአንድ ዓይነት ያስተካክል፤ የተዘጋውና የተተወው በአንድ ወረቀት ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ አዲስ እትም ሲገባም ተመልሶ ይታይ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ይፈጸም ዘንድ፣ ጽሑፉ ጸሐፊው የጻፈው ራሱ መሆን አለበት። ለሙከራ የሚሆን ቀላል ነገር ላመልክት፤ ዛሬ በመሥሪያ ቤታችሁ ካለ ከማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ባዶ ሰንጠረዥ ከፍታችሁ 090111 ብላችሁ ጻፉ። ዜሮው ከወደቀ ሥራው ከዚያ ይጀመር።